አደም ሸኮናና የሚነክሱት ፍየሎች

«ሸኮና ሞተ» አለችኝ የድሮው ዘበኛችን የባሻ ወልዴ ልጅ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ ጋሪ ስጠብቅ አግኝታኝ። ለድሬ እንግዳ የሆነ ሰው ቢሰማት፣ የበግ እግር ደግሞ እንዴት አድርጎ ይሞታል ብሎ ይስቅባት ነበር። እኔ ግን ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ግንዱን ተደገፍኩ። ጋሪው መጥቶ፣ ጠብቆኝ ጠብቆኝ፣ ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ። ልጅቱ አስከሬኑ ከመጋላ ሲወጣ ሰዉ መንገዱን ሞልቶት እንደነበረ፣ ከጀልዴሳም ከመልካ ጀብዱም ሰው እንደመጣ ነገረችኝ። ማንም ሳይነግረኝ በመቅረቱ መጀመሪያ ተናደድኩ። ልቅሶው የመጣው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ስሙ አደም ነው፤ ሸኮና ብሎ የሰየመው የሥራ ቦታችን፣ የበረቱ ሰው ነው። ያን ጊዜ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ በድንጋይና በሽቦ የታጠረ የእንስሳት በረት ነበር። በየገጠሩ የተገዙ በጎችና ፍየሎች እዚያ ተሰብስበው፣ ጤናቸው ታይቶ፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይጫናሉ። እኔ የበረቱ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የጽሕፈት መኪና እመታለሁ። አደም እግር ያያል። የሥራው ስም በወረቀት ላይ ምን ይባል እንደነበረ እንጃ፤ እኛ የምናውቀው እግር እንደሚያይ ብቻ ነው። የሚያነክስ እንስሳ ባቡር ላይ አይጫንም፤ ፉርጎው ሲንገጫገጭ ይወድቅና በሌሎቹ ተረግጦ ይሞታል። ስለዚህ ነጋዴው ሁሉ አደምን ይለማመጣል፤ አደምም መለማመጥን አይጠላም።

ትሁት ሰው ነበር ብዬ አልዋሽም። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ጢሙን በሂና ያቀላል፣ ሽርጡ ሁልጊዜ የታጠበ ነው። ቀኑን ሙሉ በፍየል ጠረን ውስጥ እየዋለ ሽቶ የሚቀባ ሰው ከእሱ በቀር አላየሁም። «በዚህ አገር እግር የሚያውቅ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ሞቷል» ይል ነበር። የሞተው ማን እንደሆነ ስንጠይቀው አባቴ ነው ይለናል። ጠዋት ጠዋት እሳት ነው፤ ከምሳ በኋላ ግን ጫቱን ይዞ ከተቀመጠ የባላባት በግ ቢያነክስ እንኳ ተነስቶ አያይም።

የሚያነክስ በግ ሲያመጡለት እግሩን አያይም። ጥላ ውስጥ ይቀመጥና ባለቤቱን «ንዳው» ይለዋል። በጉ ሲራመድ ዓይኑን አንገቱ ላይ ያደርጋል። የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ በጉ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል፤ ደህናው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ባለቤቱ ግራው ነው ሲል፣ አደም ቀኙ ነው ይላል። «እግር ይዋሻል፤ አንገት አይዋሽም።» ከዚያ በጉን በቂጡ አስቀምጦ ጀርባውን ጉልበቱ መሀል ያስደግፈዋል፤ በጉም ሽማግሌ ይመስል ዝም ብሎ ይቀመጣል። በሸኮናው መሀል የገባውን ጭቃ በእንጨት ያወጣል፣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ የሚያመውን ይፈልጋል፣ ደግሞም አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸታል። የበሰበሰ ሸኮና ሽታው ሌላ ነው፤ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ያ ሁሉ ሽቶ ተቀብቶ የፍየል እግር ማሽተቱ ያስቀኝ ነበርና ጠየቅሁት።

«ሽቶ የምቀባው ለዚህ ነው» አለኝ። «ጥሩ ሽታ የማያውቅ አፍንጫ መጥፎውን በምን ይለየዋል?»

የተረፈውን ጥፍር በሰንጢ ይከረክማል፤ ደም ሳይመጣ ያቆማል። ሰንጢውን በእሳት ሳያሳልፍ ሌላ እንስሳ አይነካም፤ የከረከመውንም ሰብስቦ ያቃጥላል። የታመሙትን ለብቻ ደረቅ ጠጠር ላይ ያቆማል። የሚጠላው አንድ ነገር ነበር። በዚያ አካባቢ ያነከሰ ፍየል ትከሻው ላይ በጋለ ብረት ይተኮሳል። የተተኮሰ ሲያመጡለት ከባለቤቱ ጋር ይጣላል። «እሾሁ ታች፣ እሳቱ ላይ። ቤትህ ሲቃጠል የጎረቤትህ ጣራ ላይ ውሃ ታፈሳለህ?» ይለዋል።

አሁን ስለ አማርኛው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። አደም ሶማሊኛውም ኦሮምኛውም አፍ የፈታበት ነው፤ ከሐረሪ ጋር በሐረሪ፣ ከዓረብ ሱቅ በዓረብኛ ይነጋገራል። አማርኛ ከሁሉም በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። እሱ ግን እንደ እንግዳ አላከበረውም፤ እንደ ገዛ ፍየሉ ወደፈለገበት ይነዳው ነበር። ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ይላል። አንቱ ካሉት «እኔ ስንት ሰው ነኝ?» ይላል። በዚህም ምክንያት ነው በዕድሜ ብዙ ቢበልጠኝም ጋሽ አደም እያልኩ አንተ የምለው፤ ዛሬም ከሞተ በኋላ አንቱ ካልኩት ቅር ይለዋል።

ያነክሳል ማለት ግን ፈጽሞ አልሆነለትም። ይነክሳል ነው የሚለው። «ይህ በግ ይነክሳል፤ አይጫንም።» በመጣሁ ሰሞን በግ መንካት ፈርቼ ነበር። ሲገባኝ፣ «ጋሽ አደም፣ ይነክሳል ማለት እኮ በጥርስ ነው፣ እንዲህ» ብዬ የገዛ እጄን ነክሼ አሳየሁት።

«ታዲያ?» አለኝ። «በሽታው እግሩን ይነክሰዋል፤ ስለዚህ እሱም ይነክሳል። አቦ ዘነቡ፣ አማርኛ አንተ ብቻ አታውቅም።»

እንዲህ የሚል ሰው ምን ትሉታላችሁ? በመጨረሻ እኛው ለመድነው። በረቱ ውስጥ እንስሳ ሁሉ ይነክስ ጀመር። ባሻ ወልዴ እንኳ፣ ጦር ሜዳ የዋለ ሰው፣ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ የነከሰ አለ?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

ከዚያ አዲስ ሹም መጡ፤ አቶ ተክሌ ይባላሉ። የደጋ ሰው ናቸው፣ ዝምተኛ፣ በድሬ ሙቀት ኮታቸውን ቆልፈው የሚውሉ። ሲስቁ ያያቸው የለም። ክፉ ግን አልነበሩም፤ ሰው አይሳደቡም፣ የማንንም ሐቅ አይነኩም። ብቻ በእሳቸውና በሰው መሀል አንድ ነገር ያስቀመጡ ይመስላሉ። እርስዎ የምንለው እሳቸውን ብቻ ነበር። በመጡ በሳምንታቸው፣ «የታመመ እንስሳ ለእኔ ሳይነገር በረት እንዳይገባ» ብለው አዘዙ።

ወሩ ሐምሌ ነበር። ለገብርኤል የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሁሉ ቁልቢ ወጣ፤ እኔም በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ። የቀሩት አቶ ተክሌ፣ ባሻ ወልዴና አደም ናቸው። በዚያው ቀን ሀሊማ ፍየሎቿን እየነዳች ከመልካ ጀብዱ መጣች።

ሀሊማ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጆቿን የምታሳድገው የፍየሎቿን ወተት ማለዳ ማለዳ መጋላ አምጥታ በመሸጥ ነው፤ ሌላ ምንም የላትም። ያ ክረምት ዝናቡ በርትቶ ነበር። ጉረኖዋ ጭቃ ሆነ፣ ፍየሎቹ ጭቃና በጠጥ ውስጥ ሲያድሩ ሸኮናቸው መሀል ቆሰለ፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተላለፈና መንጋው በሙሉ አነከሰ። ጎረቤቷ ዋናዋን ወተት ሰጪ፣ ነጯን ፍየል፣ ትከሻዋ ላይ ተኩሶላት ነበር፤ እሷ ግን ከሁሉም ባሰባት። ሀሊማ የአደምን ስም ሰምታ መጣች። ባሻ ወልዴ ዳር ካለው ባዶ ጉረኖ አስገባላት፣ አደምም በታዘዘው መሠረት ለሹሙ ሊናገር ገባ።

የሚቀጥለውን አላየሁም። ግን አደምም አቶ ተክሌም በኋላ ለየብቻ ደጋግመው ስለነገሩኝ ያየሁት ያህል ነው።

«አንቺ ጌታዬ» አላቸው አደም፣ «የሀሊማ ፍየሎች ይነክሳሉ።»

አቶ ተክሌ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይነክሳሉ?»

«ወላሂ ይነክሳሉ። መጀመሪያ አንዷ ነከሰች፤ ከዚያ ሁሉንም ያዘ።»

«መቼ ጀመራቸው?»

«ዝናቡ ሲገባ። ዝናብ ሲሆን ብዙ ይነክሳል።»

አቶ ተክሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰውስ?» አሉ።

አደም በጥያቄው ልቡ ተነካ፤ ሹሙ ለሰው የሚያስቡ መሰለው። «ሰውም ይነክሳል፤ ምን ይደረጋል። ሀሊማ ራሷ ዛሬ መንገድ ላይ እየነከሰች ነው የመጣችው። እኔም ብርድ ሲሆን እነክሳለሁ። ግን አንቺ አታስቢ፤ እኔ አለሁ።»

አቶ ተክሌ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። አደም ወጥቶ በሩ እስኪዘጋ አልተነሱም። ከዚያ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ስልክ ደወሉ፤ ባሻ ወልዴንም ጠርተው፣ ፍየሎቹ የእብድ ውሻ በሽታ ይዟቸዋልና በጥይት ተገድለው ይቃጠሉ አሉት። ባሻ ወልዴ በጦርነት ጊዜ ብዙ ያየ ሰው ነው፤ ፍየል በጥይት መግደል ግን ሞት መሰለው። «በገብርኤል ቀን ደም አላፈስም፤ ነገ ይሁን» አላቸው። እሳቸውም ክርስቲያን ናቸውና እሺ አሉ።

ትእዛዙን አደም ሲሰማ ሮጦ ተመለሰ።

«ስለነከሱ ነው የሚገደሉት?»

«አዎ፣ ስለነከሱ ነው።»

«አዲስ ሕግ ወጣ?»

«የቆየ ሕግ ነው» አሉት።

አደም ለሀሊማ፣ መንግሥት ከዛሬ ጀምሮ ያነከሰ እንስሳ ሁሉ ይገደል ብሏል ብሎ ነገራት። ሲናገር ራሱም አላመነውም። «የነከሰ ሁሉ ከተገደለ ድሬ ላይ ማን ይተርፋል?» እያለ በረቱን ሲዞር ዋለ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ከቁልቢ አቧራ ለብሼ ስመለስ ሀሊማ በሩ ሥር ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ ደረቅ ፊት ነበራት። «ልጄ፣ እግራቸው ስለታመመ መንግሥት ይገድላል አሉኝ» አለችኝ። «ልጆቼን በምን ላሳድር?» ቢሮ ስገባ አቶ ተክሌ ሰላምታዬን ሳይመልሱ በእርሳስ የጻፉትን ወረቀት ሰጡኝ። ልመታው መኪናው ላይ ቁጭ አልኩና «ሰውንና እንስሳን የሚነክሱ ፍየሎች» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ ሳቄን ተውኩት።

ነገርኳቸው። ሰውዬው ያነክሳሉ ማለቱ ነው፤ «ያ» ማለት አይሆንለትም፣ «ይ» ነው የሚለው፤ በረቱ ሁሉ ያውቀዋል አልኩ። አደም ይጠራ አሉ። አደም መጣ።

«ፍየሎቹ ያነክሳሉ ወይስ ይነክሳሉ?» አሉት፣ ቃሉን ቆረጥ ቆረጥ አድርገው።

አደም እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። «አዎ» አለ።

«አንዱን ምረጥ።»

«ሁለቱ አንድ አይደለም እንዴ?»

እጄን ነክሼ እንደገና አሳየሁት፤ ከዚያ ተነስቼ እያነከስኩ ቢሮውን ዞርኩለት። ያን ጊዜ ገባው። አንድ ሰው ፊቱ በአንድ ጊዜ ሲያረጅ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። «በእኔ አፍ ነው?» አለ። አቶ ተክሌ በደንብ አሰቡበት፣ ሐሰት አልናገርም። ከዚያ ግን፣ «እሱ ራሱ የተናገረውን አያውቅም፤ እኔ በምን ልወቅ? ያበደ እንስሳም እግሩ ይዝላል፤ እየተንገዳገደ ይሄዳል። በቃል ስህተት ከተማ አላስፈጅም» አሉ። ነገራቸው ትክክል ነበር።

አደም ወጣ። በመስኮት ሳየው ወደ ጉረኖው እየሄደ ነው። ገባ፣ የመጀመሪያዋን ፍየል መንጋጋ ከፈተ፣ እጁን እስከ አንጓው አፏ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ሌላዋን ያዘ። አቶ ተክሌ ከእኔ ቀድመው ወጡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሽቦውን ዘለው ገብተው ክንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎተቱት። «አውጣ! እጅህን አውጣ እልሃለሁ!» ድምፁ የእሳቸው አይመስልም። እኔን ሳሙና አምጪ አሉኝና እጁን በገዛ እጃቸው አጠቡት፤ የጣቶቹን መሀል ለመሀል፣ የጥፍሮቹን ሥር፣ ደግመው ደጋግመው። አደምም ታጠበላቸው።

በመጨረሻ ፈረዱ። ፍየሎቹ ተዘግቶባቸው ይጠበቁ፤ ወተታቸው ይደፋ፤ ከመካከላቸው አንዲቱ እንኳ የበሽታው ምልክት ከታየባት ሁሉም ያልቃሉ። አደም እኔም አብሬያቸው ይዘጋብኝ አለ። ይህ በእነዚያ ቀናት በአማርኛ የተናገረው የመጨረሻው ቃል ነበር።

ዝም አለ። ያ አፉ የማይዘጋ ሰው፣ ያ በአምስት ቋንቋ የሚፎክር ሰው፣ ከእኛ ጋር መነጋገር ተወ። ለፍየሎቹ በሶማሊኛ፣ አንዳንዴም በኦሮምኛ ያንጎራጉርላቸዋል፤ ለእኔና ለባሻ ወልዴ በእጁ ያሳየናል። ሽቶውንም ተወ። ሀሊማ ጠዋት መጥታ ታልባለች፤ ወተቷ ዓይኗ እያየ ቦይ ውስጥ ይደፋል፤ አደም ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የመጋላ ደንበኞቿ ተራ ገብተው ልጆቿን ያበሉላት ነበር፤ የሰው ደጅ ማየት ግን እንደሷ ላለች ሴት ከረሃብ አይተናነስም። ንግግሩ ያስከበረው ሰው ነውና ቃል ሲከዳው ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ። ሄጄ «ጋሽ አደም፣ ሰድበኝ እንኳ» እለዋለሁ። ፈገግ ይላል፣ አይመልስልኝም። አንጀቴን በላው።

እጁ ግን ሥራ አልፈታም። ከደቻቱ ወንዝ ደረቁን ጠጠር እያስመጣ የጉረኖውን ጭቃ ሸፈነ። ፍየሎቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ከረከማቸው። በርሜል ለሁለት አስሰንጥቆ የጨው ውሃ ሞላበትና በውስጡ አሳለፋቸው፤ የባሰባቸውን ከመድኃኒት ቤት በመጣ ሰማያዊ መድኃኒት በሳህን እየበጠበጠ እግራቸውን ነከረላቸው። እያየናቸው መርገጥ ጀመሩ። ባሻ ወልዴ በየጠዋቱ ሽቦው ላይ ተደግፎ አንገታቸውን ያያል፤ ተምሯል ማለት ነው። ነጯ ብቻ አልተሻላትም። የተተኮሰው ትከሻዋ አብጦ ስለነበረ አደም መጀመሪያ እሱን ሲያክም ነበር።

አንድ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ባሻ ወልዴ ፊቱ አመድ መስሎ ጠበቀኝ። ነጯ ወድቃለች፤ መነሳት አቅቷት ወደ ገንዳው ስላልሄደች በሳህን ውሃ ቢያቀርብላት ፊቷን አዞረች። «ውሃ ፈራች» አለኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም፤ ያበደ ውሃ ይፈራል። ሳይናገር ቢቀር እንዴት በወደድኩ፤ ግን ቀድሞ ለአቶ ተክሌ ነግሯቸዋል። እሳቸው ጉረኖው በር ላይ ቆመዋል። «ጠመንጃህን አምጣ» አሉት፣ ዞር ሳይሉ። ሀሊማ ከወዲያ በኩል ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛለች። ማንንም አልለመነችም። ፍየሎቿን ብቻ ታያለች።

አደም ማንንም አላየም። ነጯ አጠገብ ተንበርክኮ የተተኮሰውን ትከሻ ትቶ እግሯን ያዘ። ሸኮናዋን ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣቱ እየተጫነ ሄደ፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ፍየሏ ጮኸች። ሰንጢውን በእሳት አሳልፎ ጫፉን በጥቂቱ ከፈተ። ጥቁር መግል ፈንጥቆ ወጣ፤ ሽታው እኔ እስከቆምኩበት ደረሰ። ከውስጡ የተሰበረ የግራር እሾህ ጫፍ አወጣ። መዳፉ ላይ አድርጎ ለአቶ ተክሌ አሳያቸው።

«ውሃውስ?» አሉ። «እኔ የምጠይቀው ውሃውን ነው።»

አደም ሳህኑን አንስቶ አፏ አጠገብ አደረገላት። ፊቷን አዞረች። እንደገና አቀረበላት፤ እንደገና አዞረች። ባሻ ወልዴ ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ ቆሟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልይ እንደሆነ እንጃ። ሀሊማ ዓይኗን ጨፈነች። አደም ሳህኑን ሊያስቀምጥ ሲል ቆም አለ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ አሸተተው። ከዚያ ባሻ ወልዴን አስሸተተው፤ ባሻ ወልዴም «ወይ እኔ» አለ። መድኃኒቱ የሚበጠበጥበት ሳህን ነበር። ሽማግሌው አዝኖላት፣ በችኮላ ያገኘውን ሳህን ነው ያቀረበላት።

አደም ሳህኑን ወደ ውጭ ወረወረው። እጁን ታጠበ፣ ከቧንቧው ንጹሕ ውሃ በጣሳ አመጣ፣ በመዳፉ ላይ አፈሰሰና ከአፏ ሥር ያዘላት። ፍየሏ አሸተተች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጠጣች፤ መዳፉን እስኪደርቅ ላሰችው፣ ደግሞ ሲያፈስላት ደግማ ጠጣች። ጉሮሮዋ ሲወርድ ሲወጣ ሁላችንም እናያለን።

አቶ ተክሌ ለባሻ ወልዴ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ ጠመንጃውን ይዞ ሄደ። ሀሊማ ሽቦው ሥር ተቀመጠች፤ የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። በዚህ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አቶ ተክሌ ግን አልሄዱም። የድንጋዩ ካብ ላይ ተቀመጡና ኮታቸውን ፈቱ። ዓይናቸው ከፍየሏ አፍ ላይ አልተነሳም።

«ልጄ አልጠጣልኝም» አሉ።

ልጅ እንደነበራቸው የሚያውቅ አልነበረም። ለማን እንደሚናገሩም አላወቅንም። «ውሻው ሲነክሰው ትንሽ ጭረት ናት ብለን ናቅናት። በኋላ ጣሳውን ሳሳየው ይጮህ ነበር። ውሃ ውሃ ይለኛል፣ ሳመጣለት ይጮሃል። አባብዬው፣ ለምኜው፣ አልጠጣልኝም።» እንባቸውን አልጠረጉትም፤ የሚፈስ መሆኑንም ያወቁ አይመስለኝም። ከመጡበት ጊዜ ጀምሮ በእሳቸውና በሰው መሀል የነበረው ነገር ያ ጣሳ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደረቅ ሰው እያልን ስናማቸው የከረምነው ሁሉ ጸጸተኝ።

የሚናገር ሰው ቢሆን ኖሮ አደም በዚያ ሰዓት ብዙ ነገር ይል ነበር፤ ስንት የማጽናኛ ቃል በስንት ቋንቋ ያውቃል። አንድም አልተነፈሰም። ተነስቶ ሄደና የአቶ ተክሌን እጅ ያዘ፤ የእሱን እጅ በሳሙና ያጠበለትን ያን እጅ። ፍየሏ አጠገብ አምጥቶ አስቀመጣቸው። መዳፋቸውን ከፈተና ውሃ አፈሰሰበት። እጃቸውን ሊስቡ ሞከሩ፤ አደም አንጓቸውን ይዞ አልለቀቃቸውም። ፍየሏ አንገቷን ዘርግታ አፏን መዳፋቸው ውስጥ ከተተች፤ ጢሟ የኮታቸውን እጅጌ እያራሰ ጠጣች። አቶ ተክሌ እስክትጨርስ አዩዋት።

ከዚያ መዳፋቸውን እንደተከፈተ ወደ አደም ዘረጉት። «ጨምርልኝ» አሉት። አደምም ጨመረላቸው።